የአርመርድ ኬብል ግላንድ መሸፈኛ፦ መከላከያ ወይስ መሸሸጊያ?

በፋብሪካዎች፣ በውኃ ፓምፕ ጣቢያዎችና በትላልቅ ሕንፃዎች የኤሌክትሪክ ተከላ ርክክብ ወቅት ደጋግሞ የሚነሳ፣ ሲታይ ግን ትንሽ የሚመስል ክርክር አለ። አርመርድ ኬብል ወደ ፓነል ወይም ወደ ሞተር በሚገባበት ቦታ የሚታሰረው ግላንድ የፕላስቲክ መሸፈኛ ሊለብስ ይገባል ወይስ አይገባም? ተቆጣጣሪው መሐንዲስ መሸፈኛ የሌለውን ግላንድ «ያልተጠናቀቀ ሥራ» ብሎ ይመዘግባል። ተቋራጩ በበኩሉ ግላንዱ ራሱ ውኃና አቧራ የማያስገባ በመሆኑ መሸፈኛው ጌጥ ነው ይላል። ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚቋጨው በቴክኒክ ምክንያት ሳይሆን በልማድ ወይም ክፍያውን በሚፈርመው አካል ሥልጣን ነው።

ጉዳዩ የውበት ጉዳይ ቢሆን ኖሮ በዚህ መልክ መቋጨቱ ባልከፋ ነበር። ሆኖም ግላንዱ የሚሸከመው ኃላፊነት የሰው ሕይወትን የሚመለከት ስለሆነ ውሳኔው በምክንያት ላይ መመሥረት አለበት። እዚህ የሚቀርበው ሐሳብ መሸፈኛው በራሱ የደኅንነት መስፈርት አይደለም የሚል ነው። በአንዳንድ ቦታ ይጠቅማል፣ በሌላ ቦታ ለውጥ አያመጣም፣ በጥቂት ሁኔታዎች ደግሞ ይጎዳል። በመሆኑም «ሁሉም ግላንድ ይሸፈን» የሚለው ጥቅል ትእዛዝ «አንዱም አያስፈልግም» ከሚለው ያልተሻለ ነው።

ግላንዱ የሚሸከመው ኃላፊነት

አርመርድ ኬብል ከውስጥ ወደ ውጭ ሲታይ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉ የመዳብ ወይም የአሉሚኒየም ገመዶች፣ የየራሳቸው ኢንሱሌሽን፣ የውስጥ ልባስ፣ በዙሪያው የተጠመዘዙ ዚንክ የተለበጡ የብረት ሽቦዎችና የውጭ ልባስ አሉት። የብረት ሽቦዎቹ ጋሻ ሆነው ኬብሉን ከአካፋ፣ ከድንጋይና ከጭነት ይጠብቁታል። በብዙ ተከላዎች ግን ሁለተኛ ሥራም አላቸው፤ የመሬት መስመር ሆነው ያገለግላሉ። ሞተሩ ውስጥ ኢንሱሌሽን ተበላሽቶ አካሉ ኤሌክትሪክ ቢይዝ፣ የብልሽቱ ፍሰት በእነዚህ ሽቦዎች በኩል ተመልሶ ፊውዙን እንዲያቃጥል ወይም ብሬከሩን እንዲጥል ይጠበቃል።

ግላንዱ በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ሦስት ነገሮችን ያከናውናል። ኬብሉ እንዳይጎተት አጥብቆ ይይዛል፤ የጋሻውን ሽቦዎች በሾጣጣ አካልና በቀለበት መካከል ጨምቆ ከፓነሉ ብረት ጋር በኤሌክትሪክ ያገናኛል፤ እንደ ዓይነቱም ውኃና አቧራ እንዳይገባ ይከላከላል። ከሦስቱ ውስጥ ሳይታይ ሊጠፋ የሚችለው ሁለተኛው ነው። ኬብሉ ሲወልቅ ይታያል፤ ፓነሉ ውስጥ ውኃ ሲገባም ይታወቃል። የመሬት ግንኙነቱ ሲደክም ግን ሞተሩ እንደ ወትሮው ይዞራል፣ መብራቱም ይበራል፤ ጉድለቱ የሚታወቀው ሌላ ብልሽት ሲደርስ ብቻ ነው።

የጉድለቱን ክብደት ቀላል ስሌት ያሳያል። በ220 ቮልት በሚሠራ፣ በ63 አምፔር ፊውዝ በተጠበቀ መስመር ላይ የብልሽቱ ፍሰት የሚዞርበት መንገድ ጠቅላላ ሬዚስታንስ 0.3 ኦም ነው እንበል። ብልሽት ሲደርስ ወደ 733 አምፔር የሚጠጋ ፍሰት ይፈጠራል፤ ፊውዙም ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይቃጠላል። በግላንዱ ላይ በዝገት ምክንያት 2 ኦም ብቻ ቢጨመር ግን ፍሰቱ ወደ 96 አምፔር ይወርዳል። የዚህ ዓይነት ፊውዝ በአንድ ሰዓት ውስጥ በእርግጠኝነት እንዲቃጠል የሚጠበቀው ከስመ መጠኑ 1.6 እጥፍ፣ ማለትም ወደ 101 አምፔር ሲደርስ ነው። ስለዚህ በ96 አምፔር ፊውዙ ጨርሶ ላይቃጠል ይችላል። ሞተሩ ሌላ የመሬት ማያያዣ ከሌለው አካሉ ከፓነሉ አንጻር ወደ 190 ቮልት ተሸክሞ ይቆያል። በዚያው ጊዜ በዛገው መጋጠሚያ ላይ ከ18 ኪሎዋት በላይ ሙቀት ይመነጫል፤ ይህም እሳት ለማስነሳት ይበቃል። ሞተሩን በእጁ የሚነካው ሠራተኛ ለሞት የሚዳረገው በ2 ኦም ምክንያት ነው ማለት ይቻላል።

ኬብሉ ለመሬት መስመር የተለየ የመዳብ ገመድ ካለው ሥጋቱ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። የተቀበረን ኬብል ቆፋሪ በዶማ ቢመታው፣ መጀመሪያ ኤሌክትሪክ የሚይዘው ጋሻው ነው። ጋሻው ከመሬት ጋር በሚገባ ካልተገናኘ ሌላ ገመድ መኖሩ ቆፋሪውን አያድነውም።

ዝገት የሚጀምረው በውኃ ነው

ግላንዶች በአብዛኛው የሚሠሩት ከብራስ፣ ማለትም ከመዳብና ከዚንክ ቅይጥ ነው። የጋሻው ሽቦ ዚንክ የተለበጠ ብረት ነው። የፓነሉ ግድግዳ ደግሞ ቀለም የተቀባ ላሜራ፣ አሉሚኒየም ወይም ስቴንለስ ስቲል ሊሆን ይችላል። የብረቶቹ መደበኛ የኤሌክትሮድ ፖቴንሻል ለዚንክ −0.76 ቮልት፣ ለብረት −0.44 ቮልት፣ ለመዳብ +0.34 ቮልት ነው። ልዩነቱ የሚያሳየው እነዚህ ብረቶች ተነካክተው በውኃ ሲርሱ መጀመሪያ ዚንኩ፣ ቀጥሎም የብረት ሽቦው እንደሚበላ ነው። በነጠላ ገመድ የተለዋዋጭ ፍሰት ኬብሎች ላይ፣ የብረት ሽቦ በማግኔት ምክንያት ስለሚግል ጋሻው ከአሉሚኒየም ይሠራል። የአሉሚኒየም ፖቴንሻል −1.66 ቮልት በመሆኑ በዚያ ቦታ የብራስ ግላንድ መጠቀም ችግሩን ያባብሰዋል።

ይህ ሂደት ያለ እርጥበት አይካሄድም። ሁለት የተለያዩ ብረቶች በደረቅ ቦታ ለብዙ ዓመታት ተያይዘው ቢቆዩ ጉዳቱ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ስለዚህ ስለ መሸፈኛ የሚነሳው ጥያቄ መሸፈን ወይም አለመሸፈን መሆኑ ቀርቶ «በዚህ ቦታ መሸፈኛው ውኃን ያርቃል ወይስ ያቆያል?» ወደሚል መለወጥ አለበት።

ለመሸፈኛው የሚቀርቡ ምክንያቶች

መሸፈኛውን የሚደግፉ ባለሙያዎች የሚያነሷቸው ነጥቦች በቀላሉ የሚታለፉ አይደሉም። አንደኛ፣ ለደረቅ የቤት ውስጥ ቦታ የታሰበው ቀላሉ ግላንድ የውጭ ማሸጊያ የለውም። በእንግሊዝ ደረጃ ቢኤስ 6121 አጠራር ይህ «ቢ ደብሊው» የሚባለው ነው። በዚህ ግላንድ ላይ የጋሻው ሽቦና የውጭው ልባስ በሚለያዩበት ቦታ ለአየር ክፍት የሆነ ቀዳዳ ይቀራል። መሸፈኛው ያንን ቀዳዳ ከአቧራ፣ ከቀለምና ከሲሚንቶ ፍንጣቂ ይጠብቃል። ሁለተኛ፣ በባሕር ዳርቻ ወይም የጨው ብናኝ ባለበት ቦታ መሸፈኛው ጨው በቀጥታ ብራሱ ላይ እንዳያርፍ ያደርጋል። ሦስተኛ፣ በሥራ ቦታ የሚደርስን ግጭትና ጭረት ያለዝባል። አራተኛ፣ ዋጋው ከግላንዱ ዋጋ አንጻር እጅግ ትንሽ ስለሆነ ለጥንቃቄ ሲባል ቢደረግ ምን ይጎዳል የሚል አስተያየት አለ።

ሦስቱ ምክንያቶች በየቦታቸው እውነት ናቸው። አራተኛው ግን የሚመነጨው ከምሕንድስና ሳይሆን ከአቅርቦት ልማድ ነው። ግላንድ በገበያ የሚቀርበው ብዙ ጊዜ በጥቅል ሲሆን፣ በአንድ ከረጢት ውስጥ ግላንዶቹ፣ ዳዶዎቹ፣ የመሬት መስመር ማያያዣ ቀለበቶቹና መሸፈኛዎቹ አብረው ይገኛሉ። ከረጢቱ ውስጥ የተገኘ ነገር ሁሉ መገጠም ያለበት ይመስላል። መሸፈኛውን ረስቶ ግላንዱን ያሰረ ሠራተኛ ሁሉን ፈትቶ እንደገና መጀመር ስለሚኖርበት «ሳይረሳ ይግባ» የሚለው ልማድም ከዚህ ይመጣል። ይሁን እንጂ አንድ ዕቃ በጥቅሉ ውስጥ መገኘቱ ለቦታው ተገቢ መሆኑን አያረጋግጥም።

መሸፈኛው የሚጎዳባቸው ሁኔታዎች

መጀመሪያ የሚታየው ጉዳት ከኬብሉ አቅጣጫ ጋር የተያያዘ ነው። መሸፈኛው አንድ ጫፉ ሰፊ፣ ሌላው ጠባብ የሆነ ለስላሳ የፒቪሲ ቱቦ ነው። ሰፊው ጫፍ ወደ ፓነሉ፣ ጠባቡ ወደ ኬብሉ ይዞራል። ኬብሉ ከታች ወደ ላይ በሚገባበት ጊዜ ሰፊው አፍ ወደ ላይ ያያል። በፓነሉ ግድግዳ የሚወርድ ዝናብ ወይም በውስጥ የሚፈጠር ላብ በዚያ አፍ ገብቶ ጠባቡ ጫፍ ላይ ይታገዳል። መሸፈኛው በዚህ ሁኔታ የጋሻውን ሽቦ የሚዘፍቅ ጽዋ ይሆናል። ጠባቡን ጫፍ በቴፕ ወይም በሲሊኮን ማሸግ ደግሞ ውኃው የሚወጣበትን የመጨረሻ መንገድ ይዘጋል። ኬብሉ ከላይ ሲገባ ነገሩ ይገለበጣል፤ ጠባቡ ጫፍ ኬብሉን ተከትሎ የሚወርደውን ውኃ ይመልሳል፣ ሰፊው አፍም ወደ ታች ስለሚያይ ውኃ አይቋጥርም። አንድ ዓይነት ዕቃ በአንድ ፓነል ላይ ከላይ ሲጠቅም ከታች ሊጎዳ ይችላል ማለት ነው።

ሁለተኛው ጉዳት የጥበቃ ደረጃን የሚመለከት የተሳሳተ ግንዛቤ ነው። በዓለም አቀፍ ደረጃ አይኢሲ 60529 መሠረት እንደ አይፒ 54 ወይም አይፒ 66 ያሉ ደረጃዎች የሚሰጡት ተፈትኖ ለተረጋገጠ መሣሪያ ነው። የግላንድ ደረጃ የሚመጣው ከጎማ ማሸጊያው፣ ከፊለቱና ፓነሉን ከሚነካው ሮንዴላ ነው። በዙሪያው የተሳበ ልቅ መሸፈኛ ይህን ደረጃ አይጨምርም። የውጭ ማሸጊያ የሌለውን ግላንድ በመሸፈኛ አልብሶ በዝናብ ሥር ማዋል እንግዲህ የማይገባ መተማመን ነው። ለውጭ ቦታ የሚመጥነው የውጭ ልባሱን የሚያጠብቅ ማሸጊያ ያለው «ሲ ደብሊው» ወይም የውስጥም የውጭም ማሸጊያ ያለው «ኢ1 ደብሊው» ግላንድ ነው። ተገቢው ግላንድ በተገቢው ኬብል ላይ ከታሰረ በኋላ መሸፈኛው የሚጨምረው ጥበቃ ትንሽ ነው።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው ጉዳት መሸፈኛው ስሕተትን መደበቁ ነው። የውጭ ልባሱ ከልክ በላይ ተልጦ ሽቦው ከግላንዱ ውጭ ሲቀር፣ ከሽቦዎቹ ግማሾቹ ከሾጣጣው ላይ ሳይቀመጡ ተቆርጠው ሲጣሉ፣ ዳዶው በእጅ ብቻ ጠብቆ ቁልፍ ሳይነካው ሲቀር፣ የመሬት መስመር ማያያዣው ቀለበት በቀለም ላይ ሲያርፍ መሸፈኛው ይህን ሁሉ ገመና በአንድ ጊዜ ይሸፍናል። ከውጭ ሲታይ በብቃት የታሰረውና በግድየለሽነት የታሰረው ግላንድ አንድ ይሆናሉ። ለዓይን የሚጸዳው ሥራ ለመለኪያ የማይጸዳ ሊሆን ይችላል።

የተለያዩ የሙያ ደረጃዎችም ግንኙነቶች ለምርመራ ተደራሽ እንዲሆኑ ይጠይቃሉ፤ የእንግሊዙ የሽቦ ተከላ ደረጃ ቢኤስ 7671 ከነዚህ አንዱ ነው። ፈንጂ ጋዝ ሊኖርባቸው በሚችሉ ቦታዎች ላሉ ተከላዎች የወጣው አይኢሲ 60079-17 ምርመራን በዓይን የሚደረግ፣ ቀርቦ የሚደረግና ዝርዝር ብሎ በሦስት ይከፍላል። መሸፈኛው ያለበት ግላንድ ከነዚህ ቀለል ያሉትን ሁለቱን በከንቱ ያስቀራል፤ መርማሪው የሚያየው ፒቪሲውን እንጂ ግላንዱን አይደለም።

በኢትዮጵያ ሁኔታ ሲታይ

ጥቅል ትእዛዝ የማይሠራበትን ምክንያት የአገሪቱ መልክዓ ምድር በግልጽ ያሳያል። በአዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊሜትር በላይ ዝናብ ይዘንባል፤ አብዛኛውም በክረምት ወራት ይወርዳል። ስለዚህ በጣሪያ ላይ ያለ ፓነል ለተወሰኑ ወራት ይዘፈቃል፣ ለቀሩት ወራት ግን በበጋ ፀሐይ ይደርቃል። በከፍታ ቦታ ያለው ብርቱ የፀሐይ ጨረር ለስላሳ ፒቪሲን ስለሚያደርቀውና ስለሚሰነጥቀው የተሰነጠቀው መሸፈኛ በሚቀጥለው ክረምት ውኃ ያስገባል፤ ለማስወጣት ግን አይመችም።

በአፋር የጨው ሜዳዎች አካባቢ የጨው ብናኝ ከሌሊቱ እርጥበት ጋር ሲገናኝ ብርቱ ዝገት ያመጣል፤ በዚያ መሸፈኛው የሚደገፍበት ምክንያት አለ። እንደ ወንጂና መተሐራ ባሉ የስኳር ፋብሪካዎች እንፋሎትና የወለል እጥበት የዕለት ተዕለት ነገር ስለሆነ፣ ከታች የሚገቡ ኬብሎች መሸፈኛ ውኃ ማቆር አለማቆሩ መታየት አለበት። እንደ አሉቶ ላንጋኖ ባለ የእንፋሎት ኃይል ጣቢያ አየሩ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ሊይዝ ይችላል፤ ይህ ጋዝ መዳብንና ቅይጦቹን ያጠቁራል፣ ያበላልም። ልቅ መሸፈኛ ጋዝን አያግድም፤ በዚያ የሚያስፈልገው የግላንዱን ብረት መቀየር ነው።

በቢሾፍቱና በአካባቢው በብዛት የሚገኙት የዶሮ እርባታዎችም ትምህርት ይሰጣሉ። የእንስሳት እዳሪ አሞኒያ ያመነጫል፤ አሞኒያ ደግሞ ውጥረት ያለበትን ብራስ ይሰነጥቃል። ይህ ባሕርይ በታሪክ የታወቀው በሕንድ በነበረው የእንግሊዝ ጦር ዘንድ ነው። በዝናብ ወቅት በፈረስ ጋጣ የተከማቹ የብራስ ጥይት ቀለሆች ሳይተኮሱ ሲሰነጠቁ ይገኙ ነበር፤ መንስኤውም ከፈረስ ሽንት የሚመነጨው አሞኒያ መሆኑ በኋላ በተደረገ ምርምር ታወቀ። አጥብቆ የታሰረ የብራስ ዳዶም ውጥረት የተሸከመ ብራስ ነው። በእርባታ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለውን ዳዶ በመሸፈኛ ማልበስ ስንጥቁ በጊዜ እንዳይታይ ያደርጋል እንጂ አያስቀረውም።

ውሳኔው ከየት ይጀምር?

ከላይ የቀረቡት ነጥቦች ወደ አራት ጥያቄዎች ይጠቃለላሉ። የመጀመሪያው «ግላንዱ ያለ መሸፈኛ ለቦታው ይበቃልን?» የሚል ነው። መልሱ «አይበቃም» ከሆነ መፍትሔው ሌላ ግላንድ ነው። ሁለተኛው «ኬብሉ በየት በኩል ይገባል?» የሚል ሲሆን፣ ከታች የሚገባ ከሆነ መሸፈኛው ይቅር ወይም በዝቅተኛው ነጥብ ላይ የውኃ መውጫ ቀዳዳ ይኑረው። ሦስተኛው «በአየሩ ውስጥ ምን አለ?» የሚል ነው፤ ለጨውና ለአቧራ መሸፈኛ ሊረዳ ይችላል፣ ለጋዝ ግን ኒኬል የተለበጠ ብራስ ወይም ስቴንለስ ስቲልን ስለመሳሰሉ አማራጮች ማሰብ ይገባል። አራተኛው «ማን፣ መቼ ይመረምረዋል?» የሚል ነው። የማይመረመር ግላንድ ላይ መሸፈኛ መልበሱ ከሚጠብቀው የሚደብቀው ይበልጣል።

ከዚህ በመነሳት ሦስት ተግባራዊ ለውጦች ሊታሰቡ ይገባል። በሥራ ዝርዝርና ዋጋ ሰነድ ላይ «ከነመሸፈኛው» የሚለው ደረቅ ሐረግ ቀርቶ የግላንዱ ዓይነት፣ ብረቱና የጥበቃ ደረጃው በየመግቢያው ይጻፍ። በርክክብ ጊዜ ከጋሻው እስከ ፓነሉ ያለው ሬዚስታንስ መሸፈኛው ከመሳቡ በፊት ተለክቶ ይመዝገብ፤ መሸፈኛው የሚጎተተው ልኬቱ ከጸደቀ በኋላ ይሁን። ከክረምት በኋላም ከጠቅላላው ግላንድ የተወሰኑት ተመርጠው መሸፈኛቸው ወደ ኋላ ተገፍቶ ይታዩ። እነዚህ ለውጦች አዲስ ዕቃ አይጠይቁም፤ የሚጠይቁት የሥራ ቅደም ተከተልንና መዝገብን ነው።

«የግንባታ ቦታው ውጥረት ይህን ሁሉ አይፈቅድም፤ መሸፈኛው ቢያንስ ቀላልና የሚታይ መስፈርት ነው» የሚል ተቃውሞ መነሳቱ አይቀርም። ተቃውሞው ስለ ሥራ ቦታ እውነታ ትክክል ነው። ዳሩ ግን መስፈርቱ ቀላልና የሚታይ መሆኑ ራሱ አደጋው ነው። ተቆጣጣሪው በአንድ ዙር መቶ መሸፈኛዎችን ቆጥሮ ሲፈርም የመቶ የመሬት ግንኙነቶችን ደኅንነት ያረጋገጠ ይመስለዋል። ከመቶዎቹ ዐሥሩን ብቻ ለክቶ የሚመዘግብ ተቆጣጣሪ ስለ ተከላው የበለጠ ያውቃል።

ለምርምር የሚተርፍ ሥራም አለ። ለአንድ የሁለተኛ ዲግሪ ጥናት ከአቅም በላይ ባልሆነ ወጪ፣ በአንድ ዓይነት ኬብል ላይ የታሰሩ ግላንዶችን ከነመሸፈኛና ያለ መሸፈኛ፣ ከላይና ከታች እንዲገቡ አድርጎ በጣሪያ ላይ ለሁለት ክረምት ማቆየት ይቻላል። በየሦስት ወሩ የጋሻውን መጋጠሚያ ሬዚስታንስ በማይክሮኦም መለኪያ መመዝገብ፣ በመጨረሻም ፈትቶ የዚንኩን ልባስ መመርመር ነው። በደጋ፣ በቆላና በጨዋማ አካባቢ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች በአንድ የአሠራር ሥርዓት ቢካፈሉት ውጤቱ ለአገሪቱ የተከላ መመሪያ መነሻ ይሆናል። እስከዚያው ድረስ መሸፈኛው ሊፈቀድም ሊከለከልም የሚገባው በቦታው በተሰጠ ምክንያት ነው፤ ከሱ በፊት ግን ግላንዱ በትክክል መመረጡ፣ መታሰሩና መለካቱ ይቅደም።